ውሃ በጂቡቲ ከተማ

ውሃ በሌለበት ስፍራ ከተማ እንደማይቆረቆር የታወቀ ነው። ከጥንታውያን ከተሞች አብዛኞቹ የተመሠረቱት በወንዝ ዳር ወይም በምንጭ አጠገብ ሲሆን፣ የአዲስ አበባም አመሠራረት ከፍል ውሃ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል። ከዚህ አጠቃላይ ሁኔታ ያፈነገጠች ከምትመስል ከተማ አንዷ የጎረቤታችን የጂቡቲ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ጂቡቲ ናት። ይህች ከተማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ወደ ባሕር ዘልቆ በገባ ምድር ላይ የተሠራች ስትሆን፣ ዙሪያዋን አብዛኛውን የከበባት ባሕር ነው። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም። በዓመት የሚዘንብላትም ዝናብ ከ150 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። አዲስ አበባ በአንድ ዓመት የምታገኘውን ዝናብ ጂቡቲ ለማግኘት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መጠበቅ ይኖርባታል ማለት ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው የአገራችን አነጋገር ለወንዝ የተነገረ ቢሆንም፣ ለዚህች የባሕር ልጅ ለሆነች ከተማ የበለጠ የሚስማማ ይመስላል። (በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ከሆነ ከተማይቱ በዚያ ስፍራ ለምን ተቆረቆረች? ፈረንሳዮች በዚህ ጠረፍ መጀመሪያ የሰፈሩት ከባሕረ ሰላጤው በስተሰሜን በምትገኘው በኦቦክ ነበር። በ1888 ግን ወደ ደቡቡ ጠረፍ ተሻግረው ጂቡቲን መሠረቱ፤ በ1890ዎቹም የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደዚያው ተዛወረ። ለዚህ ያበቃቸው ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። ወደቡ ከኦቦክ ይልቅ ለመርከብ የተመቸ ነበር፤ ወደ ሐረር የሚወስደው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድም ከዚያ ይነሣ ነበር። ሦስተኛው ምክንያት ከከተማው ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው በአምቡሊ ውሃ መኖሩ ነው። የእንፋሎት መርከቦች ከሰልና ውሃ ሳይጭኑ ረጅም ጉዞ ሊሄዱ በማይችሉበት በዚያ ዘመን፣ ውሃ የሌለው ወደብ እንደ ወደብ አይቆጠርም ነበር። በኋላም በ1897 የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የከተማይቱ ነዋሪ ቁጥር በየጊዜው እየጨመረ ሄደ። የሚጠጣው ውሃ ግን ያው የአምቡሊ ውሃ ነበር።

አምቡሊ በእርግጥ ወንዝ ሊባል የሚችል አይደለም። በአረብኛ ዋዲ የሚባለው ዓይነት፣ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ብቻ ጎርፍ የሚወርድበት፣ በቀረው ጊዜ አሸዋና ጠጠር ብቻ የሚታይበት ደረቅ መውረጃ ነው። ይሁን እንጂ ላዩ ደርቆ ሲታይ ውስጡም ደርቋል ማለት አይደለም። በተራሮቹ ላይ የዘነበው ዝናብ በዋዲው ሲወርድ ከፊሉ በአሸዋው ይሰርጋል፤ ከአሸዋው በታች ባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዐለት ስንጥቆች ውስጥም እየገባ ይጠራቀማል። ዘላኖች ከጥንት ጀምሮ ይህን ስለሚያውቁ በደረቁ አሸዋ ላይ ጉድጓድ እየቆፈሩ ራሳቸውንም ግመሎቻቸውንም ያጠጡ ነበር። በአምቡሊ ዳር ይታይ የነበረው የቴምርና የአትክልት ቦታም በዚሁ የጉድጓድ ውሃ የለማ ሲሆን፣ አትክልተኞቹ በብዛት ከየመን የመጡ ዓረቦች ነበሩ።

ከተማይቱ እያደገች ስትሄድ የእጅ ጉድጓድ አልበቃ አለ። በሞተር የሚሠሩ መሳቢያዎች የተተከሉባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች በከተማው ዙሪያ በዐለቱ ውስጥ እየተቆፈሩ ቁጥራቸው በዛ። ችግሩም የተፈጠረው ከዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን በጥንቃቄ መረዳት ያስፈልጋል።

በባሕር ጠረፍ አካባቢ ከመሬት በታች ሁለት ዓይነት ውሃ ይገኛል። አንደኛው ከዝናብ የሰረገው ጨው አልባ ውሃ ነው። ሁለተኛው ከባሕር በኩል በዐለቱ ስንጥቅ የሚገባው ጨዋማ ውሃ ነው። 1 ሊትር ጨው አልባ ውሃ 1,000 ግራም ሲመዝን፣ 1 ሊትር የባሕር ውሃ ግን ወደ 1,025 ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚህ ምክንያት ከባዱ የባሕር ውሃ ከታች ሲሆን ቀላሉ ጨው አልባ ውሃ በላዩ ይንሳፈፋል። (በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የሰጠመ ትኩስ እንቁላል ብዙ ጨው ሲጨመርበት ወደ ላይ የሚወጣው በዚሁ ሕግ ነው፤ ማንም ተማሪ በቤቱ ሊሞክረው ይችላል።) በሁለቱ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ትንሽ በመሆኑ፣ ጨው አልባው ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ሲቆም፣ ከባሕር ወለል በታች እስከ 40 ሜትር ያህል የጨዉን ውሃ ገፍቶ ይይዛል። ይህም መልካም ዜና ይመስላል፤ የነገሩ ግልባጭ ግን አስጊ ነው። በመሳቢያ ብዛት ያ ከፍታ በ1 ሜትር ዝቅ ቢል፣ ከታች ያለው ጨዋማ ውሃ ውሎ አድሮ 40 ሜትር ያህል ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ዝናቡ ከሚተካው በላይ ከተቀዳ ጉድጓዱ አይደርቅም፤ ይልቁንም ጨው ይሆናል። የደረቀ ጉድጓድ ዝናብ በመጣ ጊዜ ሊሞላ ይችላል፤ ጨው የገባበትን ዐለት ግን እንደገና ለማጠብ ረጅም ዘመን ይወስዳል።

በጂቡቲ የሆነው ይኸው ነው። ለባሕሩ የቀረቡት ጉድጓዶች ውሃቸው በየጊዜው እየመረረ ስለሄደ፣ አዳዲሶቹ ከባሕሩ እየራቁ መቆፈር ነበረባቸው። የቧንቧው ውሃ ለመጠጥ የማያስደስት፣ ለሻይ እንኳ የማይጥም፣ ሳሙና እንደ ልብ አረፋ የማያወጣበት ሆነ፤ ለደም ግፊት ሕመምተኞችም የማይመከር ነበር። የቧንቧዎቹና የገንዳዎቹ ብረት በጨው እየተበላ ለብልሽት ይዳረግ ነበር።

የአየሩን ጠባይ ላላየ ሰው የዚህ ጉዳይ ክብደት በሚገባ ላይታየው ይችላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ካምሲን የሚባለው ደረቅና አሸዋ ያዘለ ነፋስ ከምዕራብ ይነፍሳል። አቅም ያላቸው ቤተሰቦች በነዚህ ወራት ከፍታ ወዳላቸው ወደ አርታና ወደ ዓሊ ሳቢዬህ፣ አንዳንዶቹም ወደ ድሬዳዋ ይሄዳሉ። የቀሩት፣ በተለይም በወደቡ ዕቃ የሚጭኑና የሚያወርዱ ወዛደሮች፣ ሥራቸውን በዚያው ሙቀት ማከናወን አለባቸው። ዕረፍት ላይ ላለ ሰው በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ ሲበቃው፣ በእንደዚህ ያለ ሙቀት ጉልበቱን እያፈሰሰ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልገው ውሃ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው፤ በላብ የወጣው ካልተተካ ሰውነቱ ይዝላል፤ ልቡ ይደክማል፤ ሲብስም ራሱን ይስታል።

ከሁሉ የባሰ የውሃ ችግር የነበረባት ባልባላ የምትባለው ሰፊ መንደር ናት። የፈረንሳይ አስተዳደር በ1960ዎቹ አጋማሽ በከተማው ዙሪያ የሽቦ አጥር አጥሮ ከገጠር የሚገባውን ሕዝብ ባገደ ጊዜ፣ መግባት የተከለከሉት ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ባለው ድንጋያማ ምድር ላይ ከቆርቆሮና ከሣጥን እንጨት ጎጆ እየሠሩ ሰፈሩ። ሀገሪቱ በሰኔ 1977 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ፣ ከድርቅና ከጦርነት የሸሹ ብዙ ሰዎች ስለተጨመሩ ባልባላ ከነባሩ ከተማ ጋር የምትወዳደር ሆነች። የቧንቧ መስመር ግን ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው አልደረሳትም። ነዋሪዎቿ ውሃ የሚያገኙት ከጥቂት የሕዝብ ቦኖዎች፣ ከቦቴ መኪናዎችና በአህያ ጋሪ በርሜል ጭነው ከሚዞሩ ሻጮች ነበር። በጋሪና በጀሪካን የሚሸጥ ውሃ ደግሞ በየትም አገር ቢሆን በቧንቧ ከሚመጣው በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ቤቱ ቧንቧ ያለው ባለጸጋ ለውሃ በርካሽ ሲከፍል፣ ባልባላ የሚኖር የቀን ሠራተኛ ግን በውድ ዋጋ ይገዛል። ይህ ዓይነቱ የተገለበጠ ሥርዓት በጂቡቲ ብቻ የሚታይ ባይሆንም፣ እዚያ ግን ጎልቶ ይታያል።

ከተማይቱ ከዚህ ችግር ለመውጣት ሁለት መንገዶችን ይዛለች፤ አንደኛው ወደ ባሕሩ፣ ሁለተኛው ወደ ኢትዮጵያ የሚመራ ነው።

የመጀመሪያው የባሕርን ውሃ ጨው አልባ ማድረግ ነው። በዶራሌ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠራው ፋብሪካ በ2021 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያመርት የታቀደ ነው። አሠራሩ ውሃን አፍልቶ እንፋሎቱን መሰብሰብ አይደለም። የባሕሩ ውሃ በታላቅ ግፊት ቀዳዳዎቹ እጅግ ረቂቅ በሆኑ ስስ ሽፋኖች ላይ ይገፋል፤ ውሃው ሲያልፍ ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። የሚያስፈልገው ግፊት ከአየር ግፊት ሃምሳና ስልሳ እጥፍ የሚደርስ በመሆኑ፣ 1 ሜትር ኩብ ውሃ ለማጣራት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠፋል። ስለዚህ የባሕር ውሃ ማለቂያ የለውም ቢባልም፣ ከእርሱ የሚገኘው የመጠጥ ውሃ በኤሌክትሪክ ኃይል የተወሰነ ነው። ጂቡቲ ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ ብዙውን ክፍል የምታገኘው በመስመር ከኢትዮጵያ ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው ከወንዞቻችን ግድቦች የሚመነጭ ነው። የባሕሩን ጨው ለማውጣት የሚያገለግለው ኃይል እንኳ ከፊሉ ከደጋው ዝናብ የተገኘ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ቀድሞ ሽንሌ ይባል በነበረው በሲቲ ዞን፣ ሐደጋላ በሚባል ቦታ ከመሬት በታች ብዙ ውሃ እንዳለ ታወቀ። ኢትዮጵያ ጂቡቲ ከዚያ ውሃ ያለ ክፍያ እንድትቀዳ ስለፈቀደች፣ ከቻይና የውጭ ንግድ ባንክ በተገኘ ብድር ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቧንቧ ተዘረጋ። ሥራው በ2015 ተጀምሮ በ2017 ተመረቀ። ቧንቧው ድንበር ተሻግሮ በዓሊ ሳቢዬህ በኩል ወደ ዲኪል፣ ወደ አርታና ወደ ጂቡቲ ከተማ ይደርሳል። የታቀደው መጠን በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ነው። የሀገሪቱ ሕዝብ ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ በመሆኑ፣ ሙሉው መጠን ቢደርስ ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ይሆናል ማለት ነው፤ ይህን ስሌት ለመሥራት ወረቀት እንኳ አያስፈልግም። እርግጥ መሳቢያ በተበላሸ ወይም ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ቀን ስሌቱ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ አንድ ከተማ አብዛኛውን ውሃዋን በአንድ መስመር ስትጠብቅ የመስመሩ ሕመም የከተማው ሕመም ይሆናል።

ስለ ሐደጋላ ሲነገር ሊዘነጋ የማይገባው አንድ ነገር አለ። ውሃው የሚቀዳበት ምድር ራሱ ደረቅ ነው። በዚያ የሚኖሩት የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች ግመል፣ ፍየልና በግ የሚያረቡ፣ በድርቅ ዓመት ከብት የሚያልቅባቸው ሰዎች ናቸው። ከጂቡቲ ነዋሪዎችም ብዙዎቹ በዘርና በቋንቋ የእነርሱ ወገኖች ናቸው። የኢሳ ሕዝብ ሔር የሚባል፣ በቃል የሚወርድ፣ ግጦሽንና ውሃን የሚመለከት ጉዳይም የሚዳኝበት የቆየ ሕግ አለው፤ ሔር በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ኢትዮጵያ፣ ጂቡቲና ሶማሊያ በጋራ ነበሩ። የሐደጋላ የከርሰ ምድር ውሃ በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ የሚቀዳውን ያህል ይተካ እንደሆነና፣ ቧንቧው በደጃፋቸው የሚያልፍ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ከምን እንደሚያጠጡ መጠየቅ ተገቢ ነው። የአምቡሊን ታሪክ ያወቀ ሰው ይህን ጥያቄ እንደ ክፉ ምኞት አይቆጥረውም።

እስከ አሁን የተነጋገርነው ስለ መጠጥ ውሃ ነው። የእርሻው ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ጂቡቲ ውስጥ የሚታረስ መሬት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሕዝቡ የሚበላውን እህልና አትክልት አብዛኛውን ከውጭ ያስገባል። 1 ኪሎ ግራም ስንዴ ለማብቀል ከ1,000 ሊትር በላይ ውሃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስንዴ የምትገዛ ከተማ በእርግጥ የምትገዛው ውሃ ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ ሰው በቀን ከሚጠጣው ይልቅ ከሚበላው እህል ጋር የሚመጣው ውሃ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስንዴው ከሩቅ አገር በመርከብ ሲመጣ፣ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ሰላጣውና ጫቱ ከሐረርጌ ደጋ ይወርዳል።

የሐረርጌው ውሃ ምን እንደደረሰበት የሐረማያ ሐይቅ ይመሰክራል። ይህ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች በሞተር መሳቢያ ጫትና አትክልት ያጠጡበት ጀመር፤ ከተራቆቱት ኮረብታዎች የታጠበው አፈርም አልጋውን ሞላው። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ፈጽሞ ደርቆ ከብቶች ይሰማሩበት ጀመር። ሐረርም የመጠጥ ውሃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ሽቅብ ማስመጣት ግድ ሆነባት። ከዚያ ወዲህ ውሃው በከፊል ተመልሶ ታይቷል። ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ እርሱ ግን የሚያመርተው ለገበያ ሲሆን፣ ከገበያዎቹ አንዱ ዝናብ የሌላት የባሕር ዳር ከተማ ናት።

የአካባቢው ተፈጥሮም ከውሃው ጋር የተሳሰረ ነው። ከደጋው ተነሥቶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ በኢትዮጵያና በጂቡቲ ድንበር ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ቆቃ ግድብ በ1960 ከተሠራ ወዲህ በወንዙ ዳር የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ስለተስፋፉ ለሐይቁ የሚደርሰው ውሃ አንሶ፣ ሐይቁ ወደ ኋላ ሸሽቷል። በሌላ በኩል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ከባሕሩ በስንጥቅ የሚገባውን ውሃ ፀሐይ እያተነነችው ጨው ብቻ ያስቀራል፤ ጨውነቱም የባሕርን ዐሥር እጥፍ ያህል ነው። አፋሮች ያንን ጨው በግመል ጭነው ወደ ኢትዮጵያ በማምጣት ለብዙ ዘመን ኖረውበታል። ከታጁራ በላይ በጎዳ ተራራ ላይ ደግሞ ደይ የሚባል የሐበሻ ጥድ ደን አለ። ጉሙና ከዝቅተኛው ምድር የተሻለው ዝናብ ያቆየው ይህ ደን በድርቅ፣ በግጦሽና በእንጨት ለቀማ ምክንያት መንምኗል። ከጂቡቲ በቀር በዓለም ላይ በየትም የማይገኝ አንድ የቆቅ ዓይነትም ከደኑ ጋር ሊጠፋ ተቃርቧል።

በመጨረሻ አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር መጥቀስ ይገባል፤ ውሃ የተጠማችው ከተማ ውሃም ያጥለቀልቃታል። በሚያዝያ 2004 የአምቡሊ ዋዲ በሌሊት ሞልቶ ድሆች የሰፈሩባቸውን ዝቅተኛ መንደሮች ሲጠርግ ብዙ ሰዎች ሞቱ። በኅዳር 2019 ደግሞ ከአንድ ዓመት በላይ የሚበቃ ዝናብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወርዶ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደገመተው እስከ 250,000 የሚደርሱ ሰዎች ተጎዱ። ለዓመታት ደርቆ የቆየ መውረጃ የመሬት ውድነት ላሳደደው ሰው ጥሩ የቤት መሥሪያ ቦታ መስሎ ይታየዋል። የጎርፉ ውሃ በሰዓታት ውስጥ ጭቃና የቤት ዕቃ እየገፋ ባሕር ይገባል። በዋዲው የላይኛው ክፍል በድንጋይ የሚሠሩ ዝቅተኛ ግድቦች ጎርፉን አዝግመው ውሃው በአሸዋው እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጡታል፤ በዚህም ከታች ያለው ሰፈር ከአደጋ ሲያርፍ፣ በዐለቱ ስንጥቅ የገባው ውሃ ደግሞ ከባሕር በኩል የሚመጣውን ጨው ገፍቶ ይይዛል።